በሐጂ ጀይሉ ኮምፒውተር ውስጥ

ቅዳሜ ጠዋት ነኢማ ቤቴል ያለው የአባቷ ቤት ስትደርስ ሐጂ ጀይሉን ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀምጠው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገኘቻቸው። ማውሱን የነካው ሰው የለም። ቀስቷ ግን ስክሪኑ ላይ ትሄዳለች። ኢሜይላቸውን ከፈተች፣ ከላይ ያሉትን መልእክቶች እያየች ወረደች፣ አንዱ ላይ ቆም አለች፣ የፈለገችው አለመሆኑን ስታውቅ አልፋው ሄደች። ነኢማ ደንግጣ ጠጋ ስትል አባቷ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣ «ቆይ፣ እስኪጨርስ ነው» አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ባኞ ቤት የገባ እንግዳ እስኪወጣ የሚጠብቅ ባለቤት ነበር የሚመስሉት፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ትዕግሥታቸው ነው። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ማየት ደስ አይልም።

እስኪጨርስ የሚጠበቀው አዩብ ነው፤ የሐጂ የመጀመሪያ ልጅ፣ አየር ጤና ላይ የባኞ ቤትና የቧንቧ ዕቃ መሸጫውን ከአባቱ የተረከበው። ሱቁ ውስጥ ካለው ኮምፒውተር ሆኖ ነው የአባቱን የሚያንቀሳቅሰው። ይህን የሚያደርግበትን ፕሮግራም ያስገባችው ግን ነኢማ ራሷ ናት። ሥራዋ ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞቹን ኮምፒውተር የምታስተካክለው እሷ ስለሆነች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ቃሊቲ መጋዘን ያለ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ገብታ ስትወጣ ትውላለች። ሐጂ ባለቤታቸው ሃፊዛ ካረፈች ወዲህ ከኮምፒውተሩ አይለዩም፤ የቁርኣን ተፍሲር ይሰሙበታል፣ ዜና ያነቡበታል፣ ጂዳ ካሉ የድሮ የንግድ ወዳጆቻቸው ጋር ይጻጻፉበታል። ድምፁ ጠፋ፣ ፊደሉ አነሰ ባሉ ቁጥር ከምትኖርበት ከዓለም ባንክ ሠፈር ድረስ መመላለሱ ሲያታክታት፣ ቀላሉን መርጣ ጫነችላቸው። ኔትወርክ ደከመ ብሎ የማያስቸግር፣ ፈጣን፣ በአንድ ቋሚ የይለፍ ቃል የሚከፈት ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ልግባ አትግባ ብሎ አይጠይቅም። እሷ ሥራ ስትይዝ እንዲረዳቸው ብላ የይለፍ ቃሉን ለአዩብም ሰጠችው። ስትመርጥ ያሰበችው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ነበር።

ቀስቷ መሄዷን አቆመች። ሐጂ ትንሽ ጠብቀው ወንበራቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩና የጠሯትበትን ጉዳይ ነገሯት። ይህ ነገር ይቀየርላቸው። እርዳታ አንፈልግም አላሉም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ይፈልጋሉ። «ብቻ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ እሺ ሳልለው የማይገባበት አድርጊልኝ» አሉ። ነኢማ አዩብ ምን ፈልጎ እንደሚገባ ስትጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ «እሱን ራሱን ጠይቂው» አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ነኢማ ፕሮግራሙን ልታወጣው ሞከረች፤ የይለፍ ቃል ጠየቃት። የራሷን አስገባች፣ አይሆንም አላት። ደግማ አስገባች። እሷ የሠራችውን ቁልፍ ወንድሟ ሳይነግራት ቀይሮታል።

ከቤቴል አየር ጤና በታክሲ ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን መንገዱ ይዘጋል። ነኢማ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የወንድሟን ነገር ስታብሰለስል፣ መጀመሪያ የመጣላት ክፉ ክፉው ነበር። ስለ ቤቱ ካርታ አሰበች፣ ስለ ሱቁ ስም ዝውውር አሰበች። ወንድሟን እንደዚህ በመጠርጠሯ አፈረች፤ ግን መጠርጠሯን አልተወችም። አዩብ ሱቅ ስትደርስ አንድ ደንበኛ ሲንክ አስወርዶ ይከራከራል። ዘጠኝ ሺህ ሲባል ባለፈው ወር ሰባት ነበር ይላል፣ ሰውየው ዝም ብሎ የወረወረው ዋጋ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቃል። አዩብ በድርድር የሚታወቅ ሰው ነው፤ አምሳ ብር ለመቀነስ እንኳ ዕድሩን፣ ግብሩን፣ የዶላሩን ነገር ሁሉ ሳይጠራ አይለቅም። ዛሬ «እሺ፣ በሰባት ውሰደው» አለ። ደንበኛው ራሱ ደነገጠ፤ ዕቃው እንከን ይኖረው እንደሆነ ዞር አድርጎ አየው። ያን ጊዜ ነው ነኢማ ወንድሟን በደንብ ያየችው። ከስቷል። ጺሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ጥርጣሬዋ ሁሉ እዚያው ለቀቃት፤ በምትኩ ግን ከዚያ የባሰ ነገር ገባባት።

የሽንት ቤት መቀመጫ እስከ ጣሪያ ወደተደረደረበት የኋላ ክፍል ወሰዳትና ነገራት። ሐጂ ከወር በፊት ሆዳቸውን አሟቸው ክሊኒክ ሲሄዱ ናሙና ተወስዶ ነበር፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ በኢሜይል እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ አዩብ የኮምፒውተሩን ድምፅ ሊያስተካክልላቸው ገብቶ ሳለ ደብዳቤው ከች አለ። ከፍቶ አነበበው። የእንግሊዝኛውን የሕክምና ቃል ስልኩ ላይ ፈልጎ፣ ሁለት ቦታ ፈልጎ፣ አረጋገጠ። ከዚያ ደብዳቤውን አጠፋው። ሰዓቱ የዙሁር ሰላት ስለነበር አባባ መስጂድ ናቸው ብሎ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እየገባ፣ ክሊኒኩ ሌላ ነገር ከላከ እሳቸው ሳያዩት ለመያዝ ይፈትሻል። ሐኪም አነጋግሯል። በጊዜ ከተቀደደ ተስፋ አለው ብሎታል፤ ማክሰኞ ቀጠሮ ይዟል። ለአባባ የጨጓራ ምርመራ ነው ብሏቸዋል። ለነኢማም ቢሆን አልነገራትም፤ እሷ ከነገሯት ፊቷ ላይ ይታያል።

ይህንን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሲጨርስ ደግሞ እንደ ተገላገለ ሰው ግድግዳውን ተደገፈ። ነኢማ አለቀሰች፤ አልቅሳም አልበቃትም። ግን እንባዋ መሐል አንድ ነገር አልዋጥ አላት። «ሆዳቸው ሊቀደድ ነው አዩብ» አለችው። «ሰው ሆዱ ለምን እንደሚቀደድ አያውቅም?»

«ለበሽተኛ በሽታው አይነገርም» አላት። «ማን ነግሮ ያውቃል? እማማን ማን ነገራት? ምንም ሳታውቅ በሰላም ሄደች።»

እውነቱን ነው፤ በሠፈሩም በዘመዱም ወጉ ይኸው ነው። ሐኪሙ እንኳ ክፉ ነገር ሲኖር «እስቲ የቤተሰብ ሰው ይምጣ» ብሎ በሽተኛውን ኮሪደር ላይ ያስቀምጠዋል። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት የተተረተው ለበሽተኛው ነው፤ በሽታውን ከባለቤቱ ስለሚደብቅ ዘመድ የተናገረ ተረተኛ የለም። አዩብ ክፋት አልነበረውም። አባቱን ከዜናው ሊጠብቅ ደጃፉ ላይ የቆመ መስሎት ነው፤ ቤት ውስጥ ገብቶ የሰውየውን ዕቃ እየፈተሸ መሆኑ አልታየውም። ስለ ፕሮግራሙ መቀየር ስታነሣበት ደግሞ ሌላ ክርክር አመጣ። ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ አባባ ለማንም እሺ ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ከባንክ ነኝ ባይ በስልክ አግባብቶ እሺ የሚለውን አስጭኗቸው፣ አካውንታቸው ውስጥ ሊገባ ሲል ገመዱን ነቅለው ነው የተረፉት። ነኢማ በዚህስ ልክ ነህ አለችው። አዲሱን ፕሮግራም ስትመርጥ ይህንንም ታስብበታለች፤ ማንኳኳት የሚችሉት የእሷና የእሱ ኮምፒውተሮች ብቻ ይሆናሉ፣ ሌላው ዓለም በሩን እንኳ አያየውም። እሱም ቢሆን አባባ ካልፈቀዱለት አይገባም።

አዩብ የይለፍ ቃሉን ነገራትና፣ ከመሄዷ በፊት እንደማትናገር «ወላሂ በይ» አላት። ነኢማ ወላሂ አላለችም፣ እናገራለሁም አላለችም። እቅፍ አድርጋው ወጣች።

አባቷ ቤት ስትመለስ ምሳ ቀርቦ ነበር። የኔነሽ፣ ከሃፊዛ ዘመን ጀምሮ ቤቱን የያዘችው ሴት፣ ለሐጂ ሾርባ ለነኢማ ቆጮና ክትፎ አቀረበች። ሐጂ ሾርባውን በማንኪያ እያማሰሉ ሳምንቱን ሙሉ በርበሬ የሚባል ነገር እንዳልቀመሱ፣ ቤታቸው ሳያውቁት ሆስፒታል እንደሆነ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። የኔነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። በርበሬውን እንድትተው ያዘዛት አዩብ ነው፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ ግን ሃፊዛ ስትታመም የታዘዘችው ይህንኑ ስለነበር መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሦስቱም አንድ ነገር እያወቁ፣ አንዱ የሌላውን ማወቅ እየፈሩ በሉ። ነኢማ ስለ ዓለም ባንክ የውኃ ፈረቃ አወራች። አባቷ የኮንዶሚኒየሙ ሊፍት ተሠራ ወይ ብለው ጠየቋት። አልተሠራም አለች። ክትፎውንም ሳትጨርሰው ተወችው።

ከምሳ በኋላ ወደ ሥራዋ ገባች። የድሮውን አወጣች። ልትሞክራቸው ያሰበቻቸው ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ላፕቶፗን ይዛ የሃፊዛ መኝታ ክፍል ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ የኔነሽን ስክሪኑ ጋ አቆመቻት። መጀመሪያ የሞከረችው ጥብቅ ነው፣ ማንም አይሰብረውም፤ ግን መንገዱ ባሕር ማዶ ዞሮ ስለሚመጣ ነኢማ ማውሱን ካንቀሳቀሰች በኋላ የኔነሽ «ገና ነው… ገና ነው… አሁን ሄደች» ትላለች። ሐጂ በዚህ አካሄድ እኔ ራሴ ጉራንጉሩን ፈልጌ እጨርሰዋለሁ አሉ። ሁለተኛው በሚነጋገሩት ሁለት ኮምፒውተሮች መሐል ያለውን አጭር መንገድ ራሱ ይፈልጋል፣ የሚያልፈውንም ነገር ቆልፎ ያሳልፈዋል። ቀስቷ በነኢማ እጅ ልክ ሄደች። የኔነሽ «ኧረ ይሄስ እዚሁ ያለሽ ነው የሚመስለው» አለች። ነኢማ እሱን መረጠች። የሚያንኳኩትን ሁለት ኮምፒውተሮች መዘገበች፣ ቋሚ የይለፍ ቃል የሚባለውን ከነጭራሹ ዘጋችው፣ ለእሺ አረንጓዴ፣ ለእምቢ ቀይ ምልክት እንደሚመጣላቸው፣ ከላይም የማን ጥያቄ እንደሆነ በአማርኛ እንደሚጻፍ አሳየቻቸው።

ሐጂ በጥሞና ሰሙ። መልስ ካልሰጡትስ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። መልስ ካልሰጡት ጥቂት ጠብቆ ይመለሳል አለቻቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈካ አለ። «እንደ ሰው ነዋ» አሉ። «ሦስቴ ሰላምታ አሰምቶ መልስ ያጣ ሰው ከደጃፉ ይመለሳል። ባለቤቱ ውስጥ እንዳለ ቢያውቅም እንኳ ይመለሳል። እናንተን ስናሳድግ ይሄን አስተምረናል።» ነኢማ አዎ አለች። ከዚያ አንዴ ሞከሩት፤ አረንጓዴውን ራሳቸው ተጫኑት፣ ገባች፣ ወጣች። የአሱር ሰላት ደርሶ ስለነበር ሊሰግዱ ተነሡ።

ነኢማ ላፕቶፗ ፊት ብቻዋን ቀረች። ሲሰግዱ የሚያጉረመርሙት ድምፅ በግድግዳው ይሰማታል። ከአየር ጤና ጀምሮ ስታውጠነጥነው የቆየችው ሐሳብ አሁን ተሟላላት። ወላሂ ስላላለች ለአዩብ የገባችው ቃል የለም፤ ግን መናገሩን አፏ አይችለውም። የጠፋ ኢሜይል ወዲያው አይጠፋም፤ መጣያው ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጣል። ትገባለች፣ ከመጣያው አውጥታ ከላይ ታስቀምጠዋለች፣ ትወጣለች። እሳቸው ሲመለሱ ያገኙታል። ማንም አልነገራቸውም፣ ማንም አልደበቀባቸውም ማለት ነው። ይህ ትክክል መሰላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አይኖርባትም፤ እሷ የሃፊዛ ክፍል ውስጥ፣ እሳቸው ሳሎን፣ መሐላቸው ግድግዳ። ፈሪ ሰው ያወጣው ዕቅድ ነበር፤ እሷም አላጣችውም።

ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ መመለሳቸውን አወቀች። ለማንኛውም አንድ የቀረ ነገር ላስተካክል ነው ብላ በበሩ ክፍተት ተናገረችና የመግቢያ ጥያቄውን ላከች። ጠበቀች። ላፕቶፗ ላይ፣ አልተፈቀደም የሚል ጽሑፍ መጣ። ተሳስተው ቀዩን ነክተው ይሆናል ብላ እንደገና ላከች። አሁንም አልተፈቀደም።  ልትነሣ ስትል የአባቷ ድምፅ ከሳሎን መጣ፤ ሳይጮሁ፣ አጠገባቸው ላለ ሰው እንደሚያወሩ።

«ደብዳቤውን ልታወጪው ነው አይደል? የት እንደጣለው አይቻለሁ። ማውጣቱ አቅቶኝ አይደለም የተውኩት።»

ነኢማ ተነሥታ ወጣች።  ሐጂ ከማውሱ ራቅ ብለው ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ለእሷ ስበውላታል። ረቡዕ ዕለት ጉልበታቸው ታሞ ስለነበር ዙሁርን ቤት ነበር የሰገዱት። ሲመለሱ ቀስቷ በራሷ ስትሄድ አዩ። የክሊኒኩን ስም አዩ፣ ደብዳቤው ሲከፈት አዩ፣ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ቀስቷ አንድ መስመር ላይ ስትመላለስ አዩ። ከዚያ ሲጣል አዩ። ክሊኒኩን መጠየቅ ይችሉ ነበር። የሠፈር ልጅ ጠርተው ማስነበብ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ከልጆቼ አንዱ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይነግረኛል ብለው ሲጠብቁ፣ ሾርባ መጣ።

«አሁን ንገሪኝ» አሏት።

«አባባ» አለች። አዩብ ለሁሉም ያዘጋጀው ቃል፣ ጨጓራ የሚለው፣ አፏ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ነቀርሳ ነው። ትልቁ አንጀት ላይ ነው።»

ሐጂ አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ፤ ነኢማ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች፣ እሳቸው እንድትተው አላሏትም። ሲገልጡት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ማክሰኞ የሚሄዱት ለዚህ እንደሆነ ጠየቋት። አዎ አለች። ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቋት፤ በጊዜ ከተቀደደ ተስፋ አለው ማለቱን ነገረቻቸው። እሄዳለሁ አሉ፣ ግን ሐኪሙ የሚያወራው ለእሳቸው ነው፤ ኮሪደር ላይ የሚቀመጥ ካለ አዩብ ይቀመጥ። ነኢማ ሳታስበው የአዩብን መከራከሪያ አነሣችባቸው፤ እማማ ሳታውቅ በሰላም መሄዷን።

«እናትሽ ታውቅ ነበር» አሉ። «እኛ ክፍሏ ስንገባ ወሬያችንን እንዴት እንደምንለውጥ ታያለች። እኛን ላለማስጨነቅ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። አንድ ቀን እንኳ ሳናወራበት ሞት ለያየን።»  የኔነሽ ጓዳ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

ሐጂ ሌላ ነገር ጠየቁ። ከረቡዕ ጀምሮ ይህንን ያወቀው ማን ማን እንደሆነ። ነኢማ አዩብ ብቻ ነው አለች። ሚስቱስ? ለሚስቱም አልነገራትም። ሐጂ ይህንን እንዳላሰቡት ፊታቸው ላይ ታየ። ሳምንቱን ሙሉ የተቆጡት በአንድ ቤት ሙሉ ሰው ላይ ነበር፤ ተሰብስበው፣ ተመካክረው፣ እሳቸውን ከመሐል አውጥተው የደበቁባቸው መስሏቸው። አንድ ልጅ ብቻውን መሆኑ አልመጣላቸውም። «ሱቅ እየከፈተ፣ እየሸጠ?» አሉ። አዎ አለች። በስልኳ እንድትደውልለት ጠየቋት።

አዩብ ወዲያው አነሣው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «ነገርሻቸው?» አለ። ነኢማ ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «ሱቁን ዝጋና ና።»

ከወዲያ በኩል ነኢማ ከተቀመጠችበት ድረስ የሚሰማ፣ ታፍኖ የቆየ የትልቅ ሰው ለቅሶ ስልኩን ሞላው። ሐጂ ከጆሯቸው አላራቁትም። «አውቃለሁ» ይሉታል፤ «አውቃለሁ ልጄ። ብቻህን ነበርክ።»